የዳማ ፀጉር በጁምዓው ጀለቢያ ላይ

የአቶ ስዩም ሬሳ የተገኘው የመርሳ ከተማ ጓዟን ጠቅልላ በምትወጣበት ጠዋት ነው። ከቆቦ በኩል የሚሰማው መድፍ ከትናንት ጀምሮ አልተቋረጠም። ፍራሽ የተሸከመው፣ በግ የሚጎትተው፣ ልጅ ያዘለችው፣ ሁሉም አስፋልቱን ይዞ ወደ ደሴ ይተማል። በዚያ የነሐሴ 2014 ዓርብ በተቃራኒው የሚሄድ ሰው ቢኖር ኢንስፔክተር ሙሐመድዘይን ብቻ ነበር፤ እሱም በሰው ትከሻ እየተገፋና እየተነጫነጨ።

ሙሐመድዘይን ከወልድያ ተዛውሮ የመጣ፣ ሃምሳውን ያለፈ መርማሪ ነው። ሰው ሲያናግረው ፊቱን ትቶ እጅጌውንና ጫማውን ስለሚያይ ብዙ ሰው ያስቀይማል። ሚስቱና ልጆቹ ደሴ ከገቡ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል። እሱም ዛሬ ሊከተላቸው ነበር።

የአቶ ስዩም ግቢ በር ላይ ዕቃ የተጫነ ሚኒባስ ቆሟል። አረንጓዴ ሹራብ የለበሰ ሹፌር ጎንበስ ብሎ ገመድ ያጠብቃል፤ ጀርባው በቀይ የውሻ ፀጉር ተለብጧል። የሚሊሻ አዛዡ ሞላ ከውስጥ ብቅ አለ።

«ምርመራ የሚፈልግ ነገር የለም» አለ ሞላ። «ገዳዩን ይዘነዋል። ፈርምልኝና ስድስት ሰዓት ላይ በኦራል መኪናው ጭኜው እሄዳለሁ።»

«ወዴት?»

«መንገድ ላይ እናያለን።»

ሙሐመድዘይን ይህን መልስ ያውቀዋል። ባለፈው ዓመት በዚሁ መልስ ተጭነው የሄዱ ሦስት ሰዎችን ፈልጎ አጥቷል። ሰዓቱን አየ፤ ሦስት ሰዓት ሆኗል። አንድ ሰው ለመግደልም ለማዳንም ሦስት ሰዓት ይበቃል ብሎ አሰበ።

ሟቹ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ጓሮ፣ ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ፣ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ማጅራታቸው በድንጋይ ተመትቷል፤ ድንጋዩም እዚያው ነው። ከጋራው ግቢ ማዶ፣ በጎረቤታቸው በኡበይደላ ደጃፍ፣ ገመድ ላይ ነጭ ጀለቢያ ተሰቅሏል። ደረቱና እጅጌው በቀይ የውሻ ፀጉር ተሸፍኗል፤ ጫፉ ላይ የደም እድፍ አለ።

«ያው!» አለ ሞላ። «ከሰውየውም ከውሻዋም ጋር ሲታገል ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ‹በዚህ ግቢ ወይ እኔ ወይ ውሻዋ› ብሎ ሲጮህ ሰፈር ሰምቷል።»

ኡበይደላ እጁን የፊጥኝ ታስሮ ግድግዳ ሥር ተቀምጧል። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ መርሳ ገበያ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ነው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ኡበይደላ።»

«ወአለይኩም ሰላም።»

«ጎህ ሲቀድ የት ነበርክ?»

«እቤቴ ስሰግድ። መስጊድ እንዳልሄድ መድፉ አስፈራኝ። ሚስቴ ነሲባና ልጆቹ ደሴ ናቸው፤ ምስክር የለኝም።»

«ጀለቢያው?»

«ለጁምዓ ትናንት አጥቤ ሰቀልኩት። ከዚያ አልነካሁትም፣ ወላሂ!» ድምፁ ተሰበረ። «ውሻ አልወድም ብያለሁ። ጋሽ ስዩምን አልወድም ብዬ ግን አላውቅም። እንዴት እገድላቸዋለሁ? ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌ ጠርተው ነበር። ‹የአማንን ነገር እነግርሃለሁ› ብለውኝ ነበር እኮ!»

«አማን ማነው?»

«ታናሽ ወንድሜ። መምህር ነበር። ኅዳር ላይ ታጣቂዎቹ ከተማውን ይዘው ሳለ እዚሁ ጓሮ፣ እህል ጉድጓድ ውስጥ ደብቄው ነበር። ቤት ሳይፈትሹ ቀጥ ብለው መጥተው አወጡት። ማን እንዳሳያቸው አላውቅም። ይኑር ይሙትም አላውቅም።»

ሙሐመድዘይን ቀና ብሎ ሬሳውን አየ። ኡበይደላ ዘጠኝ ወር ሲጠይቅ የኖረውን ጥያቄ የሚመልሱለት ሰው ሊመልሱ በነበረበት ቀን ሞተዋል። ይህ ነገር ከጀለቢያው በላይ ከበደው።

ሂሩትን በረንዳ ላይ አገኛት። የሟቹ የእህት ልጅ ናት። ለመንገድ ውኃ ልትቀዳ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቦኖ ወርዳ፣ ስትመለስ ነው ሬሳቸውን ያየችው። ነጠላዋ ከፊትም ከኋላም በቀይ ፀጉር ተወርሷል። አይኑን ተከትላ አየችና አፈረች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንቱ። እዚህ ቤት ንጹሕ ልብስ የሚባል የለም። የውሻችን የዳማ ፀጉር ነው።»

«ፀጉሯ አጭር ነው ሲሉ ሰማሁ።»

«የሚብሰውስ አጭሩ ነው! አጎቴ ‹ረጅሙ ይለቀማል፣ አጭሩ ግን እንደ መርፌ ልብስ ውስጥ ይሰካል› ይል ነበር። በእጅ ቢያራግፉት አይለቅም። በየጠዋቱ በካላማዳሪያ ጎማ ቁራጭ ያሻት ነበር፤ ፀጉሯ በተኛበት በኩል፣ ቀስ አድርጎ። እንግዳ ሲመጣም በዚያው ልብሱን ጠርጎ ነው የሚሸኘው። ‹ቶሎ ቶሎ ከታጠበች ቆዳዋ ደርቆ ይብስባታል› ብሎ በወር አንዴ ብቻ ነው የሚያጥባት። ምግቧ ላይ እንቁላልና ጠብታ የኑግ ዘይት ያደርግላታል። በዚህም ቀንሶላት ነበር።»

«ነበር?»

«መድፉ መጣና ሁሉንም አበላሸው። በደነገጠች ቁጥር በአንዴ ትለቀዋለች።»

«የሚወልቀውን ፀጉር የት ትጥሉታላችሁ?»

«ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ነው የምናጠራቅመው። ነፋስ አንስቶ የነኡበይደላ መስገጃ ላይ እንዳይጥለው አጎቴ በየቀኑ አመድ ይነሰንስበታል። ሲሞላ እንቀብረዋለን። ለጎረቤቱ ሲል ነው፣ ማንም ሳያዘው።» አለቀሰች።

«ካላማዳሪያውን አሳዪኝ።»

ዕቃ ቤቱ በር ላይ ያለው ምስማር ባዶ ነበር። ሂሩት ግራ ተጋባች። «ትናንት ማታ አጥቤ እዚህ ሰቅዬዋለሁ። አጎቴም ዛሬ ዳማን አላሻትም፤ ከዕቃ ቤት ያወጣኋት እኔ ነኝ፣ ተዘግቶባት።»

ካላማዳሪያውን ከማዳበሪያው ጀርባ ወድቆ አገኙት። ዳር ዳሩ በቢላ የተተለተለ የጎማ ቁራጭ ነው። ቀይ ፀጉር ይዟል፤ ከፀጉሩ ጋር የሹራብ ብናኝ ተጠቅልሎበታል። ሙሐመድዘይን በጋዜጣ ጠቀለለው። የዕቃ ቤቱ ወለል በፀጉር ተነጥፏል። ዳማ መድፉን ፈርታ ተመልሳ ገብታ ጥግ ላይ ትንቀጠቀጣለች። እርጥብ እጅ ውሻ ሲነካ ይረክሳልና እጁን በሱሪው አድርቆ፣ ደስ ባይለውም፣ ጀርባዋን አንድ ጊዜ ዳበሰ። መዳፉን ብርሃን ላይ አውጥቶ አየው፤ ፀጉር እንጂ ሌላ የለበትም።

«አጎትሽ ለዛሬ ማንን ማንን ጠርተው ነበር?»

«ሁለት ሽማግሌዎችን፣ ኡበይደላን… ጌትነትንም። የፊት ለፊቱን ክፍል ከእኛ የተከራየ ሹፌር ነው። ውርጌሳ ከተማ ነዳጅ ሲጠብቅ ሦስት ቀኑ ነው። አጎቴ ‹ዓርብ ሳትቀር ና› ብሎ ትናንት በሰው ልኮበታል።»

ጌትነት አሁንም ከሚኒባሱ አልራቀም።

«መቼ ገባህ?» አለው ሙሐመድዘይን።

«ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ከውርጌሳ። ሂሩትን ይዤ ልወጣ ነበር፤ ስደርስ ለቅሶ ነው የጠበቀኝ።»

«ገብተህ ሬሳውን አየህ?»

«አልችልም። ግቢውን ከረገጥኩ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው፣ እግሬም አልገባም። አባቴ ማለት ነበሩ እኮ።» እንባው እውነተኛ ነበር። ሙሐመድዘይን ግን የሚያየው የሹራቡን ደረት ነው፤ አዲስ የተገዛ እስኪመስል ጠርቷል።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁሉንም ጓሮ ሰበሰባቸው። ጌትነትን ሞላ ክንዱን ይዞ አስገባው። መድፉ ቀርቧል፤ ቆርቆሮው ይንዘፈዘፋል።

«ቶሎ በል» አለ ሞላ።

ሙሐመድዘይን መሬት ላይ ጥቁር ላስቲክ አነጠፈ። ጀለቢያውን ከገመዱ አውርዶ አንዴ፣ ሁለቴ አራገፈው። ላስቲኩ ላይ ግራጫ ብናኝ ወረደ።

«ምንድን ነው?» አለ ሞላ።

«አመድ። አሁን ዳማን ዳብሳት። እኔ ዳብሼያታለሁ፤ አመድ የለባትም። በዚህ ግቢ አመድ የነካው ፀጉር ያለው አንድ ቦታ ነው፣ አቶ ስዩም ለጎረቤታቸው ክብር ብለው ያስቀመጡት ማዳበሪያ ውስጥ። ጀለቢያው ላይ ያለው ፀጉር ከትግል አልመጣም። በእጅ ተዘግኖ ነው የተነሰነሰበት፤ ደሙም እንዲሁ የተቀባ ነው። ኡበይደላ በራሱ የጁምዓ ልብስ ላይ ፀጉር ነስንሶ ሰው እንዲያየው የሚሰቅልበትን ምክንያት ንገረኝ።»

ሞላ ጎንበስ ብሎ አመዱን በጣቱ ነካ።

«የነሰነሰው ሰው ማዳበሪያውን ያውቃል። በጎህ ጨለማ ስለነበር ግን አመዱ አልታየውም። የግቢው ሰው ነው ማለት ነው፤ ሂሩት ወይም ጌትነት።»

«እኔ?» ሂሩት ደነገጠች።

«ነጠላዋን እዩት። ዳማ ባለችበት ቤት የሚኖር ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው። የገረመኝ ንጹሕ የሆነው ነው። ጌትነት፣ ዙር።»

ጌትነት አልዞረም። ሞላ ትከሻውን ይዞ አዞረው።

«ጀርባው የወራት ፀጉር ተሸክሟል። ደረቱና እጅጌው ግን አንዲት የላቸውም። የሚታየውን ጠረገ፣ የማይታየውን ረሳ። ለምን ጠረገ? አቶ ስዩም ሲወድቁ ዳማ እግሩ ሥር ገባች። ስለምታውቀው አልነከሰችውም። እንዳትከተለው አቅፎ ዕቃ ቤት ዘጋባት፤ በድንጋጤ የለቀቀችው ፀጉር ደግሞ ደረቱን ሞላው። ሦስት ቀን ግቢ አልገባሁም የሚል ሰው እንዲያ ሆኖ ሊታይ አይችልም።»

«ውርጌሳ ሆኜ በእጄ ነው ያራገፍኩት!» አለ ጌትነት።

«በእጅ አይለቅም፤ ሂሩት ነገረችኝ፣ አንተም ታውቃለህ።» ጋዜጣውን ፈታ። «ይህ ካላማዳሪያ ትናንት ማታ ታጥቦ ነው የተሰቀለው። ዛሬ ከፀጉሩ ጋር የሹራብ ብናኝ ይዟል። አረንጓዴ። አንተ ውርጌሳ ነበርክ፤ ሹራብህ ግን ከትናንት ማታ በኋላ እዚህ ግቢ ነበር።»

ጌትነት መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«መኪናዬ ላይ ቤንዚን አርከፈከፉ» አለ ማንንም ሳያይ። «ኅዳር ላይ። ክብሪት ይዘው ‹ወይ መምህሩን አሳየን፣ ወይ ከነመኪናህ ትቃጠላለህ› አሉኝ። አሳየኋቸው። ጋሽ ስዩም በመስኮት አይተውኛል። ዘጠኝ ወር ዝም አሉ። አሁን ግን ‹ሰው ሊበተን ነው፤ ሳልናገር ብሞት ነፍሴ አትማርም፣ ራስህ ተናገር› ብለው ላኩብኝ። ጎህ ሲቀድ መጥቼ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። እንቢ አሉኝ።»

ሙሐመድዘይን የኡበይደላን እጅ ፈታለት። ኡበይደላ ከተቀመጠበት ሳይነሳ ወደ ጌትነት ዞረ። ቀስ ብሎ ጠየቀ።

«አማን የት ነው ያለው?»

«ወደ ግራና ከተማ በሚወስደው መንገድ» አለ ጌትነት። «ከድልድዩ ማዶ፣ ግራሩ ሥር። እኔ ነኝ የነዳሁት። እኔ ነኝ የቆፈርኩት።»

ከውጭ የኦራሉ ጡሩምባ ጮኸ። ሞላ ጌትነትን በክንዱ አነሳው። ሙሐመድዘይን መንገዱ ላይ ቆመና ወረቀትና እስክሪብቶ ዘረጋለት።

«ደሴ ፖሊስ ጣቢያ፣ በሕይወት። ፈርም።»

ሞላ አፍጥጦ አየው። ከዚያ ፈረመ።

ሲወጡ ግቢው ውስጥ ሦስት ሰው ቀረ። ኡበይደላ በጋቢ የተሸፈነው ሬሳ ጋ ሄዶ ቆመ። ሂሩት ፈርታ ወደ አጎቷ ተጠጋች፤ ሙሐመድዘይንም ፈራ።

«ዘጠኝ ወር» አለ ኡበይደላ። «በየጠዋቱ ‹እንደምን አደርክ› ይሉኛል። በየጠዋቱ ዱዓ ሳደርግለት ይሰሙኛል፤ በሕይወት መልሰው እያልኩ። ያውቁ ነበር!» ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ አለቀሰ፤ ብዙ ቆየ። ከዚያ ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን አካፋ አነሳ።

«ወዴት ነው?» አለ ሙሐመድዘይን። «የግራና መንገድ ከሰዓት በኋላ ሊዘጋ ይችላል። ታጣቂዎቹ ከደረሱብህ አትመለስም።»

«ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው» አለ ኡበይደላ። «መጀመሪያ እሳቸውን ልቅበር። ሬሳ ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ? ከዚያ ወደ ወንድሜ።»

ሙሐመድዘይን ባዶውን መንገድ በበሩ አየው። ኦራሉ አቧራውን አስነስቶ ወደ ደሴ ተሰውሯል። ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለና ወደ ሂሩት ዞረ።

«ሌላ አካፋ አለ?»