ሽታ የሌለው ጠርሙስ

«አፍስሽው እንጂ፣ ልጄ! ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች እናቷ አልጣሽ።

ገለቴ የጠርሙሱን ክዳን ከፍታ ቆማለች። ወንድሟ አረጋ ጓዳ ውስጥ ከጎታው ጀርባ ተኝቷል። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚለቅሙት ሰዎች መንደሩን የከበቡ ዕለት ሲሸሽ ከገደል ወድቆ ባቱ ተሰነጠቀ። አሁን ቁስሉ አብጧል፤ ገላው ይፋጃል።

ጠርሙሱን ከትምህርት ቤት ሰርቃ ነው ያመጣችው። የሳይንስ መምህሯ ጋሼ ምስጋኑ «አልኮል ጀርም ይገድላል» ብለው ሲያስተምሩ ከሳጥን ጠርሙስ አውጥተው አሳይተዋቸው ነበር። በእረፍት ሰዓት ክፍሉ ባዶ ሲሆን ከሳጥኑ አንዱን ጠርሙስ አንስታ ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችው። በላዩ የተለጠፈው ወረቀት ተልጧል።

«እማ፣ ቆይ! አልኮል ይሸታል። ይሄ ግን ምንም አይሸትም።»

ከወለሉ ገለባ አንስታ አንድ ጠብታ ጠብ አደረገችበት። ገለባው ቀስ እያለ ቡናማ ሆነ፤ ከዚያ እንደ ከሰል ጠቆረ።

«በስመ አብ! እሳት ሳይነካው?»

«አሲድ ነው፣ እማ። ሥጋም እንዲህ ነው የሚያደርገው።» ክዳኑን አጥብቃ ገጠመች።

እናቷ ፊቷ አመድ መሰለ። ጋሼ ምስጋኑ ወጣት የሚያስለቅመው የቀበሌው ኮሚቴ አባል ናቸው። «መልሺላቸው። ለምን ወሰድሽ ካሉሽ፣ ላማችን ቆስላ ነው በያቸው። የወንድምሽን ነገር እንዳታነሺ፣ አደራ!»

መምህሩ ቤታቸው ፈተና ሲያርሙ አገኘቻቸው። ጠርሙሱን እንዳዩ ብድግ አሉ።

«ሰው ላይ አፍስሰሻል?»

«አላፈሰስኩም፣ ጋሼ። ላማችን ቆስላ... አልኮል መስሎኝ ነው።»

በረጅሙ ተነፈሱ። «ለላም ከሆነ ውሃ በጨው አፍልታችሁ፣ ሲቀዘቅዝ እጠቡላት። ሁለተኛ እንዳይለምድሽ! በይ ሂጂ።»

በቃ፣ ተረፈች። ግን በሩ ጋ ስትደርስ እግሯ አልሄድ አላት። አረጋ ዛሬ ጠዋት ዓይኗን እያየ «አንቺ ማነሽ?» ብሏታል። ይህን የጨው ውሃ አያድነውም።

«ጋሼ... ላም አይደለችም። ወንድሜ ነው። ትኩሳቱ አልበርድ አለ፤ እኔንም አላወቀኝ።»

መምህሩ ወደ እሷ ዞሩ። «ዕድሜው ስንት ነው?»

«አሥራ ስምንት።»

ኮታቸውን ከምስማሩ አወረዱ። «ነይ» አሏት።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በላይ በኩል ነው፤ ክሊኒኩ በታች። መንገዱ የሚከፈልበት ቦታ እስኪደርሱ ገለቴ ትንፋሿን ውጣ ተከተለቻቸው። እሳቸው ወደ ታች ታጠፉ። የክሊኒኩን በር አንኳኩተው «ሀብተ ሥላሴ፣ መርፌህን ያዝና ውጣ» አሉ።

ቁስል አካሚው ድሬሰር ቦርሳውን አንግቶ ወጣ። «የት ነው በሽተኛው?»

ጋሼ ምስጋኑ ወደ ልጅቷ ዞሩ። ሁለቱም ገለቴን ጠበቁ። ካልመራቻቸው ቤቷን አያውቁትም። የመምህሩን ፊት ደጋግማ አየች፤ ከፊታቸው ላይ ግን ምንም ማንበብ አልቻለችም።

«ከአሸተን ተራራ በታች ነው» አለች። ነጠላዋን አጥብቃ ከፊት ከፊታቸው መንገድ ጀመረች።