ከኢሜጁ የቀረው ድምፅ

«ኧረ በናትህ፣ አንዴ ብቻ እሺ በለኝ!»

ሚጢጢ ሰርቨሩን እንደ ሰው ለመነችው። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። ፕለጊን የሚሉት ተጨማሪ ፕሮግራም እየወረደ መሃል ላይ ሲደርስ ኢንተርኔቱ ይቋረጣል፤ የድረ ገጹ ጥቅል ግንባታም እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ፈተናው ደግሞ ከእረፍት በኋላ ነው።

መዘዙን ያመጣችው ራሷ ናት። የትምህርት ቤቱ የፈተና ድረ ገጽ የሚሠራው እዚሁ ኮምፒውተር ክፍል ባለው ሰርቨር ነው። ዘፈን ስለማይጠግብ ዲጄ የሚሉት ጓደኛዋ ዓይነ ስውር ነው፤ ፕለጊኑ ጥያቄዎቹን ድምፅ አውጥቶ ያነብለታል። ሰርቨሩን በአደራ የሰጧት የኮምፒውተር መምህር «ኢሜጁ ውስጥ አስገብተሽ ሥሪው» ብለዋት ነበር። ኢሜጅ ማለት ድረ ገጹ እንደ አዲስ በተነሳ ቁጥር የሚቀዳበት ጥቅል ነው፤ እዚያ ውስጥ የሌለ ነገር ተመልሶ አይመጣም። እሷ ግን ግንባታው ሲዘገይባት ፕለጊኑን ከኢሜጁ ተቀድቶ በሥራ ላይ ባለው ቅጂ፣ ኮንቴይነር በሚሉት ላይ ብቻ ጣል አድርጋ «ጨርሻለሁ ቲቸር!» አለች። ማን ያውቅብኛል ብላ! ዛሬ ጠዋት መምህሩ አሮጌውን ኮንቴይነር አጥፍተው ከኢሜጁ አዲስ አስነሱ። ፕለጊኑም ድራሹ ጠፋ።

ዲጄ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገባ።

«ሚጢጢዬ፣ ሁሉም አሪፍ ነው አይደል? ሰው ሲያነብልኝ ‹መልሱን ሹክ ብለውት ነው› ይሉኛል። ዛሬ ብቻዬን ተፈትኜ አፋቸውን ነው የማስይዛቸው!»

ሚጢጢ ፋይሉን እንደገና ማውረድ አስጀመረች። መምህሩ ላባቸውን እየጠረጉ ደረሱ።

«ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ የዲጄን ትከሻ ይዘው። «ጠዋት ሳድሰው ምን እንደነካሁ እንጃ፣ ፕለጊኑን አጠፋሁብህ። ለዛሬ እኔው አነብልሃለሁ።»

«ችግር የለም ቲቸር» አለ ዲጄ። ፈገግታው ግን ጠፍቷል።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ብትናገር ሰርቨሩ ከእጇ ይወጣል፤ ዲጄም ዳግመኛ ላያምናት ይችላል። ስክሪኑን አየች። አሁንም ተቋርጧል። ወይኔ ጉዴ!

ወንበሯን ገፋ አድርጋ ተነሳች።

«ቲቸር፣ እርስዎ አይደሉም። መጀመሪያውኑ ኢሜጁ ውስጥ አላስገባሁትም፤ ዋሽቻለሁ» አለች፤ እንባዋ ቀደማት። «የዲጄ ፈተና ይቆይለት። እስክጨርስ ከዚህ አልነሳም።»

መምህሩ የዲጄን ትከሻ ለቀቁ። «ለነገ ይተላለፍለታል» አሉ።

ዲጄ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ።

«ጨርሻለሁ እንዳትዪኝ» አላት። «በዚህ አዳምጪውና፣ በጆሮሽ ስትሰሚው ጥሪኝ።»

ወጣ። ሚጢጢ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ግንባታውን ከመጀመሪያው መስመር አስጀመረች።