በእርሳስ የተሰመረው የውሃ ልክ

ድንቢጥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ትንሽና ፈጣን ስለሆነች ነው ቤተሰቧ እንዲህ ብሎ የሚጠራት። ከአባቷ፣ ከእናቷና ከአያቷ ጋር በጠባብ የኪራይ ቤት ትኖራለች። የምትተኛው ከአያቷ ጋር በአንድ አልጋ ነው፤ አያቷ ደግሞ ያንኮራፋሉ። ልጆች፣ እናንተስ «የራሴ ክፍል በኖረኝ» ብላችሁ አታውቁም? ድንቢጥ በየቀኑ ትል ነበር።

አሁን አዲሱ ቤታቸው ተሠርቶ አልቋል። ፎቁ ላይ የድንቢጥ ክፍልና መታጠቢያ ቤቱ አሉ። ከመታጠቢያ ቤቱ ሥር ያለው ክፍል የአያቷ ነው። ነገር ግን ከመግባታቸው በፊት ቤቱ መፈተሽ አለበት። አዲስ ቤት ሁሉ ያምራል፤ ደህና መሆኑ ግን ሳይታይ አይታወቅም።

ቤቱን የሠሩት መሐንዲስ በፍተሻው ዋዜማ የመታጠቢያ ቤቱን ውሃ መውረጃ ደፍነው፣ ወለሉ ላይ ውሃ ሞልተው ነበር። ውሃው የደረሰበትንም ልክ ግድግዳው ላይ በእርሳስ አሰመሩ።

«ነገ ውሃው መሥመሩ ላይ ከተገኘ ትገባላችሁ» አሉ። «ከወረደ ግን ወለሉ ያፈሳል ማለት ነው። ሴራሚኩ ተነቅሎ እንደገና ይሠራል። ሦስት ሳምንት ይፈጃል።»

በማግሥቱ ሁሉም መጡ። መሐንዲሱ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃው ከበዳቸው።

«አንቺ ቀልጣፋ፣ እስቲ ውሃውን አይተሽልኝ ነይ» አሏት።

ድንቢጥ ሮጣ ወጣች። ውሃው ከመሥመሩ አንድ ጣት ያህል ወርዷል።

ሦስት ሳምንት! ጥጉ ላይ ከትናንት የተረፈ ውሃ በባልዲ ተቀምጧል። ዞር ብላ አየች፤ ማንም የለም። ማንም አልኩ እንዴ? አንድ የሚያይማ አለ፤ እሷ ግን ያን ጊዜ አላስታወሰችውም። ባልዲውን አንስታ ቀስ አድርጋ አፈሰሰች። ውሃው የእርሳሱን መሥመር ሲነካ አቆመች።

«መሥመሩ ላይ ነው» አለች ወርዳ።

መሐንዲሱ ደስ አላቸው። የርክክቡን ወረቀት አውጥተው ለአባቷ ሰጡ። አባቷም ብዕሩን ከኪሱ አወጣ።

በዚህ ጊዜ አያቷ በክፍላቸው መካከል ቆመው ኮርኒሱን ያዩ ነበር።

«አልጋዬን እዚህ ጥግ አድርጉልኝ» አሉ። «ድንቢጤ ከላይ ስትታጠብ ድምፅዋን እሰማለሁ። ካጠገቤ ልትሄድ አይደል፤ በድምፅዋ እጽናናለሁ።»

ድንቢጥም ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች። ያች ጥግ በትክክል ከባልዲው ሥር ናት። ውሃው አያቷ ላይ ሲንጠባጠብ ታያት። ጭንቅ ጥብብ አላት። ለመናገር አፈረች፤ ዝም ለማለት ደግሞ አቃታት።

«አባዬ፣ እንዳትፈርም» አለች። «ውሃው ወርዶ ነበር። እኔ ነኝ የጨመርኩበት።»

ከዚያም አለቀሰች። አባቷ ብዕሩን ወደ ኪሱ መለሰ። እናቷ ዕቃ ሁሉ ጠቅልላ ጨርሳ ነበርና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። መሐንዲሱ ግን፣ «ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ራሴ ወጥቼ ማየት ነበረብኝ» አሉ። ወዲያው ኮርኒሱን ሲያስከፍቱት ውስጡ ረጥቦ ተገኘ።

አያቷ እጅዋን ያዙ።

«እንኳን ዛሬ ነገርሽን» አሏት። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ዋና ከየት እማራለሁ?»

እናቷ ሳትወድ ሳቀች። አባቷ አልሳቀም። ቤት ሲደርሱ ግን ድንቢጥን ጠርቶ ግንባሯን ሳማት። ያን ማታ እሷም እግዚአብሔርን ይቅርታ ለመነች፤ ከልቧ ነበር።

ሦስቱ ሳምንት ረጅም ነበር። አያቷም አላሳረፏትም፤ ሲያንኮራፉ ነበር የሚያድሩት። ወለሉ ተሠርቶ ሲያልቅ እንደገና ውሃ ተሞላ። መሐንዲሱም እርሳሱን ለድንቢጥ ሰጧት።

«አሁን አንቺ አስምሪው» አሏት።

ተጠንቅቃ አሰመረችው። በማግሥቱ መሐንዲሱ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ደረጃውን አንድ በአንድ አብረዋት ወጡ። ውሃው መሥመሩ ላይ ነበር።

ልጆች፣ የወደድነውን ነገር ቶሎ ለማግኘት ብለን ጥፋትን አንሸፍን፤ የሸፈንነው ጥፋት የሚያፈሰው በምንወደው ሰው ላይ ነውና።