የአንኳር ተራራ ትንፋሽ

በሶርባ ምድር፣ ንጉሥ አድማስ ዘውድ የጫኑበት ቀን በሚታሰብበት ማለዳ፣ በአገሩ ያለ መዳብ ሁሉ በአንድ ጊዜ አረንጓዴ ለበሰ። መለከተኞቹ ሊነፉ ሲሉ ከንፈራቸው አረንጓዴ ሆነና ሕዝቡ በሣቅ ፈረሰ። ቆይቶ ግን የደወሉ ሆድ፣ የድግሱ ሰታቴ፣ የሙሽሮች አንባር፣ የንጉሡ የዘውድ ጠርዝ ሳይቀር የኩሬ ዝቃጭ የመሰለ ቀለም ሲያወጣ ሣቁ በየአፉ ላይ ደረቀ። በዚያው ቀን በመዝገን ከተማ የጕድጓድ ውሃ ሁሉ ፈላ። ከከተማዋ ራስ በላይ የቆመው የአንኳር ተራራም ሆዱ ተነፍቶ ታየ፤ በግርጌው ያሉት ቤቶች እንደ ሰካራም ተንጋደዱ።

በመዝገን በር ላይ የተቀረጸ የጥንት ትንቢት ነበር። ካህኑ ወጥተው ጮክ ብለው አነበቡት።

«ቀዩ መዳብ አረንጓዴ ሲለብስ፣ ከሥር ያለችው ተጨንቃለች። ከመራጊዎች ወገን የሆነ እጅ ካልደረሰላት፣ መዝገን ከነልጆቿ ትቢያ ትሆናለች።»

የመራጊዎች ወገን የተባለው ቤት ሥራው አንድ ብቻ ነበር። ወርቅ ቆፋሪ ወርቁን የያዘውን ነጭ የድንጋይ ሥር ተከትሎ ሲሄድ እንፋሎት የሚተፋ ስንጥቅ ካገኘ፣ ዶማውን ጥሎ መራጊ መጥራት ሕግ ነው። መራጊው ጭቃውን በገለባና በፍየል ጠጕር አቡክቶ ስንጥቁን ይመርግና እርጥቡ ላይ የቀኝ መዳፉን ያትማል። የንጉሥ ወርቅ ተንኖ እንዳይጠፋ ነው ይባላል። ለምን እንደሚተን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ለጠየቀ ሰው ደግሞ በዚያ አገር የሚሰጠው መልስ ኵርኵም ነበር።

ከዚያ ቤት የቀረችው ቀጸላ የምትባል ወጣት ብቻ ነበረች። አባቷ መራጊ ድንበሩ የአንኳርን ትልቁን ስንጥቅ፣ «አፍ» የሚባለውን፣ መርጎ በተመለሰ ማግሥት ሌላ ጕድጓድ ተንዶበት ሞተ። አስከሬኑ አልተገኘም። ቀጸላ ገና ሕፃን ነበረች።

ወደ ንጉሡ አዳራሽ ተጠርታ ስትገባ የወርቁ ሹም ሊቀ ወርቅ ጸዳሉ ከዙፋኑ ቀኝ ቆሞ ነበር። ይህ ሰው ዶማ ጨብጦ አያውቅም፤ ሆኖም ስለ ዶማ ሲናገር ሁሉም ዝም ብሎ ይሰማዋል፤ እንዲህ ያለ ዕድል የሚሰጠው ሰው አለ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ጸዳሉ። «የአንኳር አፍ ምርጊት ላልቷል፤ ወርቅዎም እየተነነ ነው። ይህች ልጅ ትሂድና ደግማ ትምረገው።» ከዚያ ወደ ቀጸላ ዞረ። «አንቺ፣ ጭቃሽን ምንጣፉ ላይ እንዳታንጠባጥቢ።»

ቀጸላ ጆሮዋ ጋለ። ቢሆንም ተንበረከከችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማለች። «ንጉሥ ሆይ፣ መዝገንን ሳላድን ብመለስ፣ የአንኳርንም አፍ ሳልመርግ ብመለስ፣ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!»

«ማን ይከተላታል?» አሉ ንጉሡ። መኳንንቱ ሁሉ ድንገት የጫማቸው ነገር አሳሰባቸው፤ አጎነበሱ።

«እኔ» አለ ከበሩ ውጭ የቆመ ድምፅ። መዳብ አቅላጩ አያ ኩርፌ ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት ጭስ ጭስ ትላለህ ተብሎ ከንጉሥ ግብር፣ ከድግሱ በር ላይ፣ ተመልሷል፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ቀን ሳያነሣ እንጀራ ቈርሶ አያውቅም። «እዚህ ከሚሸተኝ ሰው እዚያ የሚሸተኝ ዲን ይሻለኛል» አለና ወደ ጸዳሉ እያየ ወጣ።

ከእነሱ ጋር አንዲት ዶማይ ሄደች። ዶማይ በቅሎ የምታህል ባለቀንድ እንስሳ ናት፤ የመዳብ ድንጋይ ስትልስ ስለምትውል ምላሷ አረንጓዴ ነው። አያ ኩርፌ «እመቤት» ብሎ ሰይሟታል፤ ካልለመኗት አትንቀሳቀስማ።

ከተራራው ትከሻ ላይ የጥንቱ የማዕድን ዋሻ አፉን ከፍቶ ጠበቃቸው። ችቦ ለኵሰው ገቡ። መጀመሪያ ያገኙት ዓለት ሁሉ እንደ አሮጌ ማጭድ የዛገ፣ በእጅ ሲነኩት የሚፈረፈር ቀይ ነበር።

«ይኼ የተራራው ቆብ ነው» አለ አያ ኩርፌ። «ዝናብ ስንት ዘመን ሲያጥበው ብረቱ ዝጎ ቀረ። መዳቡ ግን ከውሃው ጋር ወደ ታች ወረደ።»

«ለምን ወረደ አያ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እላይ የሚያከብረው አጣ ይሆናል።»

ቀጸላ ሣቀች። የመሬቱ መንቀጥቀጥ ሣቋን ቈረጠውና እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ታች ቸኰሉ።

ከቀዩ በታች የነበረውን ግን አፍ አይገልጸውም። ከላይ የወረደው መዳብ ተጠራቅሞ አዳራሽ ሠርቷል፤ ግድግዳው ለምለም አረንጓዴ፣ ጣሪያው የክረምት ማግሥት ሰማይ፣ ችቦው ሲያርፍበት ሁሉም እንደ ሐር ያበራል። እመቤት እንዲህ ያለ ማዕድ በሕይወቷ አላየችም። አንዱን ዓምድ አቅፋ ትልስ ጀመር፤ ዓይኗንም ጨፈነች።

«እመቤት፣ ተነሺ እባክሽ። እመቤቴ! ኧረ በእናትሽ!» አለ አያ ኩርፌ ጭራዋን እየጎተተ። «አየሽ ልጄ፣ ግብር እንዲህ ነው የሚበላው። የሚመልሳት የለ!»

እመቤትን እዚያው ትተዋት ወረዱ። ጥቂት እንደሄዱ ጨለማው ራሱ ቢጫ ሆኖ ይብለጨለጭ ጀመር። ከግድግዳው ውስጥ ራሳቸው እንደ ሣጥን አራት ማዕዘን የሆነ፣ ሰውነታቸው የሚያብረቀርቅ ጦረኞች ወጥተው መንገዱን ዘጉት። አስመሳዮች የሚባሉት ናቸው።

«ወርቅ ነን!» አሉ ባንድ ድምፅ። «ወድቃችሁ ስገዱ! ከኛ በታች ያለው ሁሉ ተራ ድንጋይ ነው!»

ውበታቸው ቀጸላን አፈዘዛት፤ ጕልበቷ ሊታጠፍ ደረሰ። አንዱ አስመሳይ ጦሩን ሰበቀባት። ያኔ አያ ኩርፌ መዶሻውን አሽከርክሮ ራሱን አለው። እሳት ተፈናጠቀ፤ ዋሻውም በዲን ሽታ ተሞላ፤ ጦረኛው ተሰባብሮ ወደቀ።

«ወርቅ ሲመቱት ይጠፈጠፋል እንጂ አይበተንም!» ብሎ ጮኸ አያ ኩርፌ። «ምቺ ልጄ! እንዲህ ያለውን እኔ ቤተ መንግሥት ውስጥ ስንቱን አይቻለሁ!»

ቀጸላ ዶማዋን መዘዘች። ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው ግራ ቀኝ ሲሉ ዋሻው እንደ ደመራ ማታ ችቦ በእሳት ፍንጣሪ በራ። አያ ኩርፌ በየምቱ የአንዳንድ መኳንንትን ስም ይጠራ ነበር። የመጨረሻው ሲወድቅ ሽማግሌው ላቡን ጠርጎ «እንዴት ቀለል አለኝ!» አለ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ አንድ ነበር። እንደ ወተት የነጣ የድንጋይ ሥር በጥቁሩ ዓለት መካከል ይወርዳል፤ በነጩም ውስጥ እውነተኛው ወርቅ፣ ሳይጮህ፣ እንደ ክር ቀጥኖ ተኝቷል። ሥሩ ያለቀበት ቦታ ላይ ከራሳቸው በላይ እስከ ሰማይ የሚደርስ ረጅም ስንጥቅ ብርሃን ያወርዳል። ከስንጥቁ ሥር፣ ከበር የሚሰፋው የአባቷ ምርጊት ቆሟል። ላልቷል የተባለው ምርጊት እንደ ሸክላ ጠንክሮ ነበር። በመካከሉም የድንበሩ መዳፍ አለ፤ ትንሿ ጣቱ ጎበጥ ያለች፣ እንደ ራሷ እንደ ቀጸላ ጣት።

ቀጸላ ጭቃዋን አበካች። ልትመርግ ስትጠጋ ግን ከምርጊቱ ጀርባ የታፈነ ድምፅ ሰማች።

«ደግሞ ልትመርጊኝ መጣሽ?»

«ማነሽ?» አለች ቀጸላ።

«እኔ ኦርማይ ነኝ፤ በእሳት ላይ የተኛሁ የአንኳር እናት ዘንዶ። ዝናባችሁ በዓለት መካከል ሰርጎ ወደ እኔ ይወርዳል፤ እጠጣዋለሁ፣ በሆዴም አፈላዋለሁ። የፈላ ወጥ ጨውን እንደሚያሟሟ፣ ያ ውሃ ወርቁንና መዳቡን ከጥልቁ ዓለት አሟሙቶ ይሸከማል። ስተነፍስ በስንጥቁ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣም ይበርዳል፣ ኃይሉም ይለቀዋል፤ ያኔ ሸክሙን በነጭ ድንጋይ ጠቅልሎ በየመንገዱ ያስቀምጠዋል። የምትቈፍሩት ሥር ሁሉ የእኔ ትንፋሽ ያለፈበት ነው። እናንተ ግን ወርቁ እንዳይጠፋ ብላችሁ ወርቁን ያመጣውን አፍ ዘጋችሁት። መውጫ ያጣው ትንፋሼ በአፈሩ ሾልኮ መዳባችሁን አበላሸ። ከእንግዲህ መያዝ አልችልም። አንኳር ይፈነዳል፤ መዝገንም ከሥሩ ናት።»

«ጆሮ አትስጫት!» አለ አያ ኩርፌ። «ዘንዶ የምትለው ይታመናል? መርጊና እንሂድ!»

ቀጸላ ግን ዓለቱ ከጀርባዋ ሲያብጥ ይሰማት ነበር። ቀኝ መዳፏን በአባቷ መዳፍ ላይ አኖረች፤ ልክክ አለ። ከአባቷ የቀራት በዓለም ላይ ይኸው ብቻ ነው፤ የምትሄድበት መቃብር እንኳ የላትም። ደግሞም በአጥንቱ ምላለች። ለረጅም ጊዜ እጇን አላነሣችም። ከዚያ አነሣችና ዶማውን ጨበጠች።

«አባዬ፣ ውጋኝ» አለች፤ መዳፉም ላይ መታች።

ምርጊቱ ተሰነጠቀ። አያ ኩርፌ አንድ ጊዜ አያት፣ አንድ ጊዜ ያበጠውን ዓለት አየ፤ ከዚያ «እንግዲህ ከሞትን አብረን!» ብሎ በመዶሻው ተቀላቀለ። ትልቁ ገል ከቦታው ተነቅሎ ወደ ጎን ወደቀ። ኦርማይ ግን ለመተንፈስ መጀመሪያ አየር መሳብ ነበረባት፤ ስትስብ ገሉ ተመልሶ አፉ ላይ ተለጠፈ። ደግመው ቢያነሡት ደግሞ ተለጠፈ። የዶማው እጀታ እንዲይዘው ቢሸጐጥ እንደ ሰንበሌጥ ተቀነጠሰ።

«ክንዴን!» አለ አያ ኩርፌና እጁን በገሉና በአፉ መካከል ሊያስገባ ታገለ፤ የመዶሻ ዘመን ያደለበው ክንዱ ግን ከክርኑ አላለፈም።

«ዞር በል አያ» አለች ቀጸላ።

«አንቺ ልጅ! ቀኝ እጅሽ ነው እኮ! የመራጊ እጅ!»

«ታዲያ ትንቢቱ የማንን እጅ ነው ያለው?»

ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገብታ ገሉን ደግፋ ያዘች። ኦርማይም ሳበች፤ ሳበች፤ ከዚያ ለቀቀችው። የዘመናት ትንፋሽ እያገሣ ሽቅብ ወጣ። ውሃውም በቀጸላ ክንድ ላይ ሲያልፍ ሸክሙን አራገፈ። ጣቶቿ ነጩ ድንጋይ ሆኑ፤ ቀጥሎ አንጓዋ፣ ክርኗ፣ ትከሻዋ። በድንጋዩም ውስጥ የወርቅ ክር እንደ ደም ሥር ተዘረጋ። ጮኸች። ሽማግሌው በወገቧ አቅፎ አብሯት ጮኸ፤ እስከ መጨረሻው ግን አለቀቀችም።

በመዝገን ሰው ሁሉ ከአንኳር ራስ ላይ ነጭ ዓምድ ሲነሣ፣ ፀሐይም ስታርፍበት ቀስተ ደመና በቀስተ ደመና ላይ ሲደራረብ አየ። ተራራው እፎይ ብሎ ሆዱ ጎደለ። የተንጋደዱት ቤቶች ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ አንድ ሁለቱ እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ቀጥ አሉ። ከከተማዋ አደባባይ መካከልም ፍል ውሃ ገንፍሎ ሰፊ ኩሬ ሠራ። እናቶች እልል አሉ፤ ከበሮ ወጣ።

ሁለቱ ከነእመቤት ሲመለሱ ንጉሡ በእግራቸው ወጥተው ተቀበሏቸው። ጸዳሉ ግን ዓይኑን ከቀጸላ ክንድ አልነቀለም።

«ንጉሥ ሆይ» አለ «በሕጉ መሠረት ከአንኳር የወጣ ወርቅ ሁሉ የዘውዱ ነው። ክንዱ ሊመዘን ይገባል።»

«ና መዝነው!» አለች ቀጸላ፤ ድንጋይ ክንዷንም ትከሻው ላይ ጣል አደረገችበት። ሊቀ ወርቅ ጸዳሉ በቂጡ ቁጭ አለ። ሕዝቡ እየጮኸ ሣቀ፤ ንጉሡም ሣቃቸውን ለመያዝ ከንፈራቸውን ቢነክሱ አልሆነላቸውም።

«ተከብረሽ ኑሪ ልጄ» አሉ ሣቃቸው ሲበርድ። «እጅሽን የሚተካ ስጦታ የለኝም። ይህ ከእንግዲህ ሕግ ይሁን፤ የአንኳርን አፍ የሚመርግ ከሶርባ ይውጣ። ለመሆኑ ዘንዶዋ አዲስ ወርቅ ታመጣለች?»

«ታመጣለች ንጉሥ ሆይ። ስንለያይ ጠይቄያታለሁ።»

«መቼ?» አለ ጸዳሉ ከመሬት ሳይነሣ።

«አንኳር ዝናብ ሸርሽሮት ሜዳ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለውም የወርቅ ሥር ፀሐይ ሲያይ።»

ሁሉም ቀና ብሎ ተራራውን አየ። ከዚያ ንጉሡ «እስከዚያስ ምን እናድርግ?» ብለው ጠየቁ።

ቀጸላ ወደሚጨሰው ኩሬ አየች፤ ሕፃናቱ ልብሳቸውን ጥለው ገብተዋል።

«እንታጠባ!» አለችና ከነልብሷ ዘለለች።

ክንዷ ግን ድንጋይ ነው፤ ይዟት ወደ ታች ወረደ። ጕድ ፈላ! አያ ኩርፌ ተከትሏት ዘለለ፤ መኳንንቱም፣ ገበሬውም፣ ንጉሡም ከነካባቸው ገቡ። አንዱ በወገቧ፣ አንዱ በእግሯ፣ አንዱ በነጠላዋ ይዞ ጎተታት። ከውሃው በላይ ብቅ ስትል ትንፋሿን በረጅሙ ሳበች፤ ሣቋም ከአደባባዩ አልፎ እስከ ተራራው ተሰማ።