የሠዓሊው አንድ ስሕተት

ከጌታ ልደት በኋላ በሺህ ሰባት መቶ ዘጠና አራት ዓመት፣ በመጋቢት ማለቂያ፣ የጓዲያና ወንዝ ሞልቶ ከሜሪዳ ድልድይ ሁለት ቅስት ይዞ ሄደ፤ ለመጠገኛ የሚሆን ጥርብ ድንጋይ ሲጠፋ፣ ሹማምንቱ የጥንት ሮማውያን ውሃ ወደ ከተማ ባመጡበት፣ አሁን ግን ሽመላ ብቻ በሚሰፍርበት ፍርስራሽ ላይ ዓይናቸውን ጣሉ። ከረጅም ክርክር በኋላም ትእዛዝ ወጣ፤ ከፍርስራሹ ዓምዶች አርባ ጫማ የሞላው ለቀደሙት ሰዎች ክብር ይቁም፣ ያነሰው ይፍረስ፤ ልኩንም ከማድሪድ የሚመጣው ሠዓሊ በንድፉ ይወስን ተባለ።

ሠዓሊው ዶን ኢልዴፎንሶ ካርባሆ ይባላሉ፤ ስድሳ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የምሽግና የድልድይ ንድፍ ሲያነሡ ጣት ታህል እንኳ ስተው አያውቁም፤ ሚስትም ርስትም አልነበራቸውምና ሌላ የሚኮሩበት ነገር የላቸውም። ልክ የሚያወጡት እንደ ሙያው ልማድ ነው፤ ከፍርስራሹ ሥር አምስት ጫማ የሚረዝም ሰው ያቆማሉ፣ ዓምዱ የሰውየውን ቁመት ስንት ጊዜ እንደሚሆን ከሩቅ በእርሳሳቸው ይሰፍራሉ፤ ስምንት ጊዜ ከሞላ አርባ ነው።

በሜሪዳ ለልክ የቆመችላቸው ባሲሊሳ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ቁመቷ እቅጩን አምስት ጫማ ነው። ቤቷ ከመጨረሻው ዓምድ ጋር ተለጥፎ የተሠራ ጎጆ ሲሆን፣ የኋላ ግድግዳው ራሱ ዓምዱ ነው፤ ዓምዱ ከፈረሰ ጎጆዋም አብሮ ይሄዳል። ሌሎቹ ዓምዶች ሲነደፉ አሥር ቀን ከየሥራቸው ቆማ ስታወጋቸው ከረመች፤ ቀትር ላይም ሽምብራ በአሳማ ስብ ቀቅላ ታበላቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ሥራው በስድስት ቀን ያልቅ ነበር፤ ያስረዘሙት ሽማግሌው ናቸው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ማለዳ የእሷ ዓምድ ተራ ደረሰ።

«የኔው ስንት ጊዜ ይሆናል ብለው ነው?» አለቻቸው።

«በግምት ሰባት ጊዜና ጥቂት» አሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው። «ባሲሊሳ፣ እኔ የማየውን ነው የምጽፈው። ሌላ ሙያ የለኝም።»

«ማን ይዋሹልኝ አለዎት? ያዩትን ይጻፉ።»

ሄዳ ከዓምዱ ሥር ቆመች፤ የዚያን ቀን የለበሰችው መሬት የሚጠርገውን ሰፊውን የሠርግ ቀሚሷን ነበር። ዶን ኢልዴፎንሶ እርሳሳቸውን ዘርግተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰፈሩ፤ ደግመው ሰፈሩ። ስምንት ሞላ።

ጎረቤቷ ቂቴሪያ ከወንዙ ዳር ልብስ እየደበደበች፣ «አንቺ ባሲሊሳ፣ ምነው ዛሬ አጠርሽ? ጉድጓድ ውስጥ ነው የቆምሽው?» ስትል ተጣራች።

«ዕድሜ ነው እህቴ፤ አንቺም ጋ ይመጣል። ይልቅ ልብስሽን እጠቢ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው በደንብ አዩዋት። ፊቷ ኮስተር ብሏል፤ ቀሚሷ ግን ከጉልበቷ አካባቢ ይንቀጠቀጣል። ገባቸው፤ በቀሚሱ ውስጥ ጉልበቷን አጥፋ ነው የቆመችው፤ እሷ ካጠረች ዓምዱ እንደሚረዝም በአሥር ቀን ውስጥ ተምራለች። ቀና በይ ቢሏት ቀና እንደምትል፣ ቂምም እንደማትይዝባቸው ያውቃሉ፤ የከበዳቸውም ይኸው ነው። በዚያች ደቂቃ ይህችን ሴት እንደሚወዷት ለራሳቸው አመኑ።

«ዶን ኢልዴፎንሶ፣ ገና ነው?» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ትንሽ ታገሺ፤ አንቺን ልጨርስ።»

ወትሮ ሰውን የሚነድፉት መጨረሻ ላይ ነበር፤ ያን ቀን ግን ከዓምዱ በፊት እሷን ጀመሩ፤ እጃቸውም እንደዚያ ፈጥኖ አያውቅም።

«በቃ፤ ሄደሽ ተቀመጪ። የቀረኝ ድንጋዩ ነው፤ እሱ አይደክመውም።»

«ስንት ሆነ?»

«አርባ።»

ባሲሊሳ እዚያው ዘጭ ብላ ጉልበቷን ታሽ ጀመር፤ ሳቋና እንባዋ ተደባለቀባት። ሽማግሌውም ወረቀታቸው ላይ አቀርቅረው፣ ከአሁን በኋላ ስለ ልካቸው የሚኮሩበት አፍ እንደሌላቸው እያወቁ፣ ቁጥሩን በቀለም ጻፉት።

ዓምዱ ቆመ፤ ድልድዩም በሌላ ድንጋይ ተጠገነ። ከሰማንያ ዓመት በኋላ አንድ የጥንት ነገር ተመራማሪ ያንኑ ዓምድ በገመድ ቢለካው ሠላሳ ስድስት ጫማ ሆኖ አገኘው፤ በመጽሐፉም፣ «ካርባሆ ጠንቃቃ ሠዓሊ ነበር፤ በስተርጅና ግን ዓይኑ ከዳው፤ ስሕተቱንም ሳያውቀው ሞተ» ብሎ ጻፈ። ታሪክ የያዘላቸው ይህንኑ ነው፤ የባሲሊሳ ስም የትም አልተጻፈም። ስሕተቱን ለማረም ግን ዶን ኢልዴፎንሶ ከዚያ ቀን በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት ነበራቸው፤ ያን ሁሉ ዘመን የኖሩት ጀርባቸውን ለዚያው ዓምድ ሰጥተው፣ ከባሲሊሳ ጋር በዚያችው ጎጆ ነበርና።