የድልድይ ጠባቂው መልስ

በሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ ሁሉም «መቀስ» ይሏታል። ሥራዋ የተቀዳ ጭውውት መቁረጥ ነው። ሳሉን፣ ድግግሞሹን፣ «እ… እ…» የሚለውን ሁሉ አውጥታ የቀረውን ትሰፋለች። ስፌቷ አይታወቅም።

ጣቢያው በወንዙ በሁለቱም ወገን ይሰማል። ከፕሮግራሞቹ ሁሉ ይበልጥ የሚወደደው የጥያቄና መልስ ፕሮግራም ነበር፤ አሠራሩም ቀላል፤ ከወዲህኛው ወገን ያለ ሰው ይጠይቃል፣ ከዚያኛው ወገን ያለ ይመልሳል። ጥያቄና መልስ የሚያመላልሰው ወጣት ጋዜጠኛ የተወለደው ከወንዙ ባሻገር ስለሆነ ስሙ «ማዶ» ሆኖ ቀረ።

ማዶ የመጀመሪያ ቀረጻውን ያመጣላት ዕለት ማዳመጫዋን ከጆሮዋ ሳታወርድ መለሰችለት።

«ባዶ ድምፅ የለውም።»

«ባዶ ድምፅ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሰው ሳይናገር የቦታው ድምፅ። ለብቻው ትቀዳልኛለህ።»

«ምን ታደርጊበታለሽ?»

«የቆረጥኩበትን ቀዳዳ እደፍንበታለሁ።»

ሳቀ። «እኛ ሰፈር ቀዳዳ የሚደፈነው በጭቃ ነው።»

«ጭቃም ብታመጣ ግድ የለኝም፤ ብቻ አይናገር።»

ከዚያ ወዲህ ባዶ ድምፅ ማምጣት ለመደ። ልጆች የወጡበት የመማሪያ ክፍል፣ አውቶቡስ ያልደረሰበት መናኸሪያ፣ ካፊያ የጀመረው የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከድልድዩ ሥር የሚሄደው ወንዝ። ሥራው የማይጠይቀውንም ያመጣ ጀመር። አንድ ቀን፣ ከነፋስ ድምፅ ቀጥሎ፣ የራሱ ድምፅ መጣ። «መቀስዬ፣ እዚህ ቦታ አብረን ብንቆም ደስ ይለኝ ነበር።»

ደግማ ሰማችው። ልትቆርጠው እጇን ዘረጋች፤ ተወችው። ቀና ስትል ማዶ ከስቱዲዮው መስታወት በስተጀርባ ቆሞ ያያታል። ቶሎ ብሎ ዓይኑን ወደ ግድግዳው ሰዓት አዞረ። ሰዓቱ ከቆመ ቆይቷል።

ለመጋባት ሲስማሙ ዓመት አልሞላቸውም። ችግሩ ማዶ የማን ልጅ መሆኑ ነበር።

የመቀስ አባት አናጢ ነው፤ የማዶ አባት ደግሞ የድልድይ ጠባቂ። ከዓመታት በፊት ወንዙ ሞልቶ ሳለ የአናጢው እናት በዚያኛው ወገን፣ በሴት ልጃቸው ቤት ሊሞቱ ያጣጥሩ ነበር። ጠባቂው የድልድዩን በር ቆልፎ አላሳልፍም አለው። ውሃው ጎድሎ በሩ ሲከፈት እናቱ ተቀብረው ነበር። አናጢው ያን ድልድይ ዳግመኛ አልረገጠም።

«የዚያ ሰውዬ ልጅ?» አለ መላጊያውን ሳያስቀምጥ።

«ልጁ ምን አጠፋ፣ አባዬ?»

«ልጁማ ምንም። እኔ ግን ከአባቱ ጋር ለሠርግ አልቀመጥም።» ጥቂት ላገና ቀና አለ። «ያ ፕሮግራማችሁ ጥያቄ ያሻግር የለ? የኔንም አሻግሩልኝ። ለምን አልከፈትክልኝም በሉት። ደህና አድርጎ ከመለሰልኝ እናያለን። ካልሆነ ይህን ነገር ዳግመኛ እንዳታነሺብኝ።»

ማዶ ጥያቄውን ቀድቶ ተሻገረ። መልሱን ጠረጴዛዋ ላይ አኑሮላት ወደ ሌላ ቀረጻ ሮጠ። መቀስ ከፍታ ሰማች። ጠባቂው «ታዝዤ ነው የቆለፍኩት» ይላል። ከዚያ ረጅም ዝምታ። ከዚያ «በድዬሃለሁ።»

ቃሉን ስትሰማ ደስ ብሏት ቶሎ ወደ መቁረጡ ገባች። የጣቢያው ደንብ ከሦስት ሰከንድ ያለፈ ዝምታ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ይህንንም እንደ ሌላው ሁሉ አወጣችው። ሁለቱን ንግግሮች አቀራርባ የቀረውን ቀዳዳ ማዶ ባመጣላት የወንዝ ድምፅ ደፈነችው። እንደዚያ ያማረ ስፌት ሠርታ አታውቅም።

ከተላለፈ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ቤት ስትገባ፣ አባቷ ሬዲዮውን ከመደርደሪያው አውርዶ መሬት አስቀምጦታል።

«ሰማኸው፣ አባዬ?»

«ሰማሁት። ታዝዤ ነው የቆለፍኩት በድዬሃለሁ! መንገድ ላይ እግር የረገጠ ሰው እንኳ ከዚህ ይበልጥ ያስባል።»

«ይቅርታ ጠየቀህ እኮ!»

«ወረወረልኝ። በቃ፣ ነገሩ አለቀ።»

በማግስቱ ማዶ የስቱዲዮው በር ላይ ጠበቃት።

«ዝምታው የት ሄደ?»

«ደንቡን ታውቀዋለህ።»

«ደንቡንም አውቃለሁ፣ አባቴንም አውቃለሁ። የመለሰው እዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ቃሉማ ጭራው ነው።»

«ታዲያ አትነግረኝም ነበር?»

«ላንቺም ይነገራል? ሰው ስትሰሚ አይደል የምትውዪው!»

ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ቢያላትመው ይሻላት ነበር።

ያልተቆረጠውን ቅጂ ከፍታ ተቀመጠች። ተጣድፋ ያለፈችውን አሁን ሰማችው። ሰውየው ዝም ሲል ወንዙ ይሰማል። ወንበር ይንቋቋል። ከዚያ ቁልፎች ይንቀጫቀጫሉ፤ አንዱን ከሌላው እየለየ የሚነካካቸው ሰው አለ። ቁልፎቹ ይቆማሉ። ትንፋሽ ይሳባል፣ ቶሎ አይወጣም። «በድዬሃለሁ።»

ተነሥታ ወደ ጣቢያው አለቃ ቢሮ ሄደች።

«ሳይቆረጥ እንደገና ይተላለፍ።»

«ዝምታ?» አሉ አለቃው። «ልጄ፣ ሬዲዮ ዝም ካለ ሰው ባትሪ ሊገዛ ይወጣል። ደግሞም ዝምታ ሲረዝም ማሽኑ ራሱ ሙዚቃ ይለቃል።»

«ማሽኑን አጠፋዋለሁ። ለሰዉ ደግሞ አስቀድሜ እናገራለሁ።»

«ማን? አንቺ? ማይክ ስታዪ ጠረጴዛ ሥር የምትገቢው?»

«እኔ።»

አለቃው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ንጹሕ ነበር። «እንግዲያው የሚደወለውን ስልክ ሁሉ አንቺ ታነሺያለሽ» አሉ።

በፕሮግራሙ ሰዓት ማይኩ ፊት ተቀመጠች። «ባለፈው የሰማችሁትን የድልድይ ጠባቂውን መልስ የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ። «ዛሬ እንዳለ ትሰሙታላችሁ። ሬዲዮአችሁ አልተበላሸም።»

ዝምታው በወንዙ በሁለቱም ወገን ተሰማ። ማዶ ከመስታወቱ በስተጀርባ መጥቶ ቆመ። ስታየው ዓይኑን ወደ ሰዓቱ አላዞረም።

ሲያበቃ ስልኩ ጮኸ። አንዲት አሮጊት ነበሩ። «ልጄ፣ እኔም ለእህቴ እንዲህ ዝም የምልላት ነገር አለኝ» ብለው ዘጉት።

ማዶ ገባ።

«ባዶ ድምፅ ይዘሃል?» አለችው።

«ዛሬ አልያዝኩም።»

«ግድ የለም። ዛሬ የምደፍነው የለኝም።»

ቤት ስትደርስ አባቷ መላጊያውን ይዟል፤ ግን አይልግም።

«ቁልፎቹን ይነካካ ነበር» አለ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«ያን ዕለትም እንዲሁ ነበር። እኔ በሩን ይዤ ስጮህበት እሱ ቁልፎቹን ይነካካል። የሚያላግጥብኝ መስሎኝ ነበር። ለካ እጁ ሊከፍትልኝ ይፈልግ ኖሯል።» መላጊያውን አስቀመጠ። «እሑድ ይምጡ።»

እሑድ ግን እስኪመጡ አልጠበቀም። ድልድዩን ተሻግሮ፣ የጠባቂው ቤት በር ድረስ ሄዶ፣ አባትና ልጁን ይዟቸው መጣ።

ሳሎን ውስጥ ሁለቱ ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀመጡ። ማንም አልተናገረም። የመቀስ እናት የሻይ ትሪ ይዛ ብቅ አለች፤ «ምነው ዝም አላችሁ፣ ተጫወቱ እንጂ…»

መቀስ ክንዷን ያዘቻት። «ተያቸው እማዬ። ይቆዩ።»

ማዶ ከአባቱ ጎን ሆኖ ቀና አለና አያት። በበሩ ላይ ከተጣሉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀላት። እናት ከነትሪዋ እንደቆመች ጠበቀች።

ቆይቶ የአናጢው ወንበር ወለሉን እየፋቀ ወደ ጠባቂው ሲጠጋ ተሰማ።

«አሁን አቅርቢው» አለቻት መቀስ።