የሁለቱ መልእክተኞች ቃል

የጉማር ወንዝ ሦስት ቀን ጥቁር ሆኖ ፈሰሰ። የድርጋም ጠቢባን ጥቁረቱ የብረት ማቅለጫ ጥላሸት መሆኑን ባወቁ ጊዜ ተስፋቸው ተሟጠጠ፤ ከማንም አልወግንም ያለችው፣ ወንዙ የሚመነጭባት አገር ሰብላት፣ ድርጋምን ከበው ለያዙት ባለቀንድ የቆርዳን ጭፍሮች ብረት ትሰጥ ነበርና።

በቃል ኪዳን የተሳሰሩት የድርጋምና የኖፊት ነገሥታት ሰብላት ብረቱን እንድትከለክል ሁለት መልእክተኞች ላኩ፤ ከድርጋም ወጣቱን አውራሪስን፣ ከኖፊት ፀጉሯ የሸበተውን ጦረኛ ሐመልማልን። የአውራሪስ እናት በተከበበችው ከተማ ቆዳ ቀቅላ ትበላ ነበር። አብረዋቸው የተነሡትን አራት ጋሻ ጃግሬዎች የበረሃው ክንፋም እባቦች በመንገድ ጨረሷቸው።

የሰብላት ሕግ ከባድ ነው። የሁለት ወዳጅ አገሮች መልእክተኞች ለየብቻ ገብተው አንድ ጥያቄ ይጠየቃሉ። ቃላቸው ከገጠመ ልመናቸው ይፈጸማል፤ ካልገጠመ ዳግመኛ አይሰሙም። በዙፋኑ ፊት ዛቻ ከተሰማ ደግሞ አንድ ነፍስ ይከፈልበታል።

ሁለቱ ስለ ወንዙም ስለ ድንበሩም መልሳቸውን በመንገድ አጥንተው ነበር። ንግሥት ወሰንየለሽ ግን ሌላ ጠየቀች።

«ብረቱን አልከለክልም ብልስ፣ ነገሥታታችሁ ምን ያደርጉናል?»

አውራሪስ ክው አለ። ሁለቱ ነገሥታት ሰብላትን ሊያቃጥሉ በምስጢር ተማምለዋል። መልእክተኞቹም ይህን ያውቃሉ፤ ነገሩ አሳፋሪ ስለሆነ ግን አንድም ቀን አንሥተውት አያውቁም። «በሰላም ይተዉአችኋል» ማለት ቀላል ነበር። ሐመልማልስ ምን ትል ይሆን? እባብ የነደፈው ጃግሬ «እድናለሁ ወይ?» ሲላት «አትድንም» ብላ እጁን ይዛ ነበር የሸኘችው። ይህች ሴት አትዋሽም።

«ያቃጥሏችኋል» አለ።

ሐመልማልም ለብቻዋ ተጠይቃ ያንኑ ብላ ነበርና ቃላቸው ገጠመ። ንግሥቲቱ የብረቱ መንገድ እንዲዘጋ አዘዘች። ከዚያም ሁለቱ በቆሙበት ሰይፈኛው ለዛቻው አንድ ነፍስ ሊወስድ ገባ።

አውራሪስ ቀድሞ ተንበረከከ። ሐመልማል ክንዱን ይዛ አነሣችው።

«ተነሥ ልጄ። እናትህ ትጠብቅሃለች።»

«እመቤቴ፣ እርስዎ እንደማይዋሹ ስለማውቅ ነው እኮ እውነቱን ያወጣሁት። ዕዳው የኔ ነው።»

«እኔማ ልዋሽ ነበር» አለችው። «አንተ አትዋሽም ብዬ ነው እውነቱን የተናገርኩት።»

በወሩ ቆርዳኖች ለተሰበረው ሰይፋቸው ምትክ አጥተው ሸሹ። የድርጋም ሕዝብ አውራሪስን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ንጉሡ አቀረበው።

«ሰብላትን ምን ብለህ አሳመንካት?» አለ ንጉሡ።

«ልናቃጥላት ማሰባችንን ነገርናት፣ ጃንሆይ። ሐመልማል ሞተችበት።»

ንጉሡ አቀረቀረ። አውራሪስም የእናቱን ጉልበት ስሞ በዚያው ቀን የኖፊትን መንገድ ያዘ፤ ለሐመልማል ልጆች እንዴት እንደሞተች የሚነግራቸው ሌላ ሰው አልነበረምና።